ከዝናብ ዳርቻ ወደ ምድረ በዳ፤ ከለሃቪም የሚጀመር የደቡብ ጉዞ

በየዓመቱ የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም ለማክበር ከአገራችን የሚወርዱት ተሳላሚዎች፣ ጎልጎታን ተሳልመው፣ በዴር ሱልጣን ከአባቶች መነኮሳት ጋር ጸልየው፣ ወደ ዮርዳኖስ ወርደው፣ ገሊላንም አይተው ሲመለሱ፣ አብርሃም ጉድጓድ የቆፈረበትን፣ ይስሐቅ መሠዊያ የሠራበትን፣ ያዕቆብም ወደ ካራን ሊሄድ የተነሣበትን የቤርሳቤህን ምድር ሳያዩት ይቀራሉ። ይህም የሚሆነው ስፍራው ሩቅ ስለ ሆነ አይደለም፤ ከኢየሩሳሌም ቤርሳቤህ፣ ዛሬ ቤር ሼቫ የምትባለው፣ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ምክንያቱ፣ እንደሚመስለኝ፣ ኔጌቭ ተብሎ የሚጠራው ይህ ደቡብ፣ ከእስራኤል አገር ስፋት ከግማሽ በላይ የሚይዝ ሆኖ ሳለ፣ በሰው አሳብ ባዶ ምድር ተብሎ የተመዘገበ በመሆኑ ነው።

ባዶ አለመሆኑን ለማየት የሚሻ ሰው ጉዞውን ከዝነኛው በረሃ መካከል ሳይሆን ከበረሃው ደፍ፣ ከለሃቪም ቢጀምር ይበጀዋል። ለሃቪም ከቤር ሼቫ በስተ ሰሜን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቆረቆረች ትንሽ የመኖሪያ ከተማ ናት፤ ንጹሕ ጎዳናና የአትክልት ቦታ ያላቸው ቤቶች ከመኖራቸው በቀር ራሷ ለጎብኚ የምታሳየው ብዙ የላትም። ዋጋዋ በተቀመጠችበት ቦታ ነው። ከሰሜን የሚመጣው የዝናብ ምድር የሚያልቅበት፣ ከደቡብ የሚወጣው ምድረ በዳ የሚጀምርበት ወሰን በእርሷ አካባቢ ያልፋልና፣ ከበላይዋ ካለው ኮረብታ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ወገን ጥድና የስንዴ ማሳ፣ በሌላው ወገን የተራቆተ ቢጫ ሸንተረር ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተውና ከጎረቤቷ ከራሐት ጋር የምትጋራው የባቡር ጣቢያ ደግሞ ከቴል አቪቭ የሚመጣውን መንገደኛ በዚሁ ወሰን ላይ ያወርደዋል። በዚህ ምድር ላይ የሚታየውን ነገር ሁሉ፣ የአበውን ጉድጓድ ቢሉ የነጋድያንን ከተማ፣ የጦር ሜዳውን ቢሉ ደኑን፣ አንዱን ከአንዱ የሚያያይዘው የውሃ ነገር ስለ ሆነ፣ ውሃው ከሚያልቅበት ስፍራ መጀመር ተገቢ ነው።

ከለሃቪም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያሉት ኮረብቶች የላሃቭ ደን ይባላሉ፤ በሰው እጅ የተተከለ ደን ነው። ወደ ምሥራቅ እልፍ ሲሉ የሚገኘው የያቲር ደን ግን ከሁሉ ይልቃል። ተከላው እ.ኤ.አ. በ1964 ተጀምሮ ዛሬ 3,000 ሄክታር ያህል የሸፈነው ይህ ደን በአገሪቱ ከተተከሉት ደኖች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ በዓመት 280 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ዝናብ በሚያገኝ ምድር ላይ ጥድ እንዴት ሊኖር እንደቻለ፣ ከዋይዝማን የሳይንስ ተቋም የመጡ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በመካከሉ ባቆሙት የመለኪያ ጣቢያ ሲመረምሩት ቆይተዋል። አብርሃም በቤርሳቤህ ዛፍ መትከሉን ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 21 ስለሚናገር፣ ተካዮቹ አብነት አላጡም። ነገር ግን በዚህ አገር የመሬት ነገር ሁሉ ክርክር አለበትና፣ በኔጌቭ የሚደረገው የደን ተከላ የግጦሻችንን መሬት ወሰደብን የሚሉ፣ በደዊን የተባሉ የዘላን ጎሣዎች እንዳሉ፣ ሙግቱም እስከ ዛሬ እንዳልተቆረጠ ጎብኚው ሊያውቅ ይገባዋል።

ፈረንሳዮች በደቡብ አገራቸው፣ በፕሮቫንስ፣ የላቬንደሩ ማሳ ሐምራዊ ሆኖ የሚፈካበትን የበጋ ወራት ጠብቀው እንግዳ እንደሚጠሩ ሁሉ፣ የኔጌቭ ሰዎችም የካቲትን ይጠብቃሉ። በዚያ ወር፣ የክረምቱ ዝናብ ካልጎደለ፣ በዕብራይስጥ ካላኒት የሚሏት ቀይ አበባ ከለሃቪም በስተ ሰሜን ባለው በፑራ ጥብቅ ስፍራና በምዕራቡ ሜዳ ላይ ምድሩን ትሸፍነዋለች፤ ከተሜውም ሁሉ ልጆቹን ይዞ ይወርዳል። አበባዋን መቅጠፍ በሕግ የተከለከለ ነው።

በላሃቭ ደን ጥግ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ከተመሠረተው የላሃቭ ኪቡትስ (የማኅበር መንደር) አጠገብ፣ የጆ አሎን ማእከል የሚባል ቤተ መዘክር አለ። ስለ በደዊን ባህል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ የሚያገኝ አይመስለኝም፤ የፍየል ጠጉር ድንኳን፣ የሴቶች ሽመና፣ የሙሽራ ጌጥ፣ የእረኛና የገበሬ ዕቃ በየመልኩ ተሰድሮ ይታያል። ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ግን ከዕቃው ሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው በድንኳኑ ውስጥ የሚደረገው የቡና ሥርዐት ነው። ፍሬው በእሳት ላይ ይቆላል፣ በእንጨት ሙቀጫ በዜማ ይወቀጣል፣ ሄል ገብቶበት ይፈላል፣ እጀታ በሌለው ፍንጃልም ለእንግዳ ይቀርባል፤ እንደ እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ባይሉትም እነርሱም ሦስቱን ስኒ በየስሙ ይቈጥራሉ። ልዩነቱ፣ በእኛ ዘንድ የወይዘሮ ክብር የሆነው ይህ ሥርዐት በእነርሱ ዘንድ የወንድ ሥራ መሆኑ ነው፤ በሽበት ያሸበረቀ ሽማግሌ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ ቡና ሲወቅጥ ማየት እኅቶቻችንን ያስቃል፣ ምናልባትም ያስቀናል። የበቃው እንግዳ ፍንጃሉን ነቅነቅ አድርጎ ይመልሳል፤ ይህን ያላወቀ ሲቀዳለት ይውላል።

ከለሃቪም ማዶ የምትታየው ራሐት እ.ኤ.አ. በ1972 ዘላኑን ሕዝብ በአንድ ስፍራ ለማስፈር በመንግሥት የተቆረቆረች፣ በ1994 የከተማነት ማዕርግ ያገኘች፣ ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላት የበደዊኖች ከተማ ናት። ድህነት ይታይባታል፤ የእንግዳ አቀባበሏ ግን አልደኸየም። በረመዳን ወር ምሽት ቤተሰቦች በራቸውን ለጎብኚ ከፍተው በጾም መፍቻው ማዕድ ላይ ያስቀምጡታል። በአቅራቢያዋ ባለችው በላቂያም እ.ኤ.አ. በ1991 የተመሠረተ የሴቶች የሽመና ማኅበር ምንጣፉን በባለቤቶቹ እጅ ይሸጣል።

ከዚህ ተነሥቶ ወደ ጥንታዊቱ ቤርሳቤህ ጉብታ መድረስ የአጭር ጊዜ መንገድ ነው። ጉብታው ከዛሬዪቱ ከተማ በስተ ምሥራቅ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ፕሮፌሰር ዮሐናን አሃሮኒ ቆፍረው ያወጡትና እ.ኤ.አ. በ2005 ከመጊዶና ከሐጾር ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ይህ ስፍራ፣ የይሁዳ ነገሥታት ዘመን ከተማ ምን እንደምትመስል ከራስጌ እስከ ግርጌ የሚያሳይ ነው። ቅጥሩ አለ፤ በሩ አለ፤ በቅጥሩ ውስጥ ክብ ሆኖ የሚዞረው ጎዳናና ግራና ቀኝ የተደረደሩት ቤቶች መሠረታቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአንድ የእህል ጎተራ ግድግዳ ውስጥ እንደ ተራ ድንጋይ ተገንብተው የተገኙት የተጠረቡ ድንጋዮች ግን ለመጽሐፍ አንባቢ ከሁሉ ይበልጣሉ፤ ሲገጣጠሙ አራት ቀንድ ያለው መሠዊያ ሆነዋልና። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 20 የእግዚአብሔር መሠዊያ ከተጠረበ ድንጋይ እንዳይሠራ ያዝዛል፤ ይህ ግን የተጠረበ ነው፤ በአንዱም ድንጋይ ላይ እባብ ተቀርጾበታል። ንጉሥ ሕዝቅያስ የኮረብታውን መስገጃዎች እንዳፈረሰ መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ስለሚመሰክር፣ ይህ መሠዊያ በእርሱ ትእዛዝ ፈርሶ ድንጋዩ ለጎተራ የዋለ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። በስፍራው የቆመው ምስያው ሲሆን፣ እውነተኛው በኢየሩሳሌም በእስራኤል ቤተ መዘክር ይገኛል።

በከተማዋ በር ፊት ከ60 ሜትር በላይ ወደ ምድር የሚወርድ የውሃ ጉድጓድ አለ። አሃሮኒ ይህን ጉድጓድ ከአበው ዘመን ጋር ሊያገናኙት ወደው ነበር፤ ሌሎች ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። ስለ ማንም ይሁን፣ በዚያ ዘመን መሣሪያ ያን ያህል አለት ሰርስሮ የወረደ ሰው፣ የአቢሜሌክ ሎሌዎች ስለ ነጠቁት ጉድጓድ አብርሃም ለምን ሰባት ቄቦች ለይቶ እንደማለ፣ አጋርም የአቁማዳዋ ውሃ ባለቀ ጊዜ ልጇን ከቁጥቋጦ በታች ጥላ ለምን እንዳለቀሰች፣ ያለ ተርጓሚ ያስረዳል። በጉብታው ውስጥ ደግሞ የራስ ቁር ተደርጎ የሚወረድበት፣ በአጠገቡ የሚያልፈውን ወንዝ ጎርፍ ለከበባ ዘመን ለማጠራቀም በአለት ውስጥ የተፈለፈለ የውሃ ግምጃ ቤት አለ፤ ደረጃው ቀና ስላልሆነ ለአረጋውያን አልመክርም።

በዛሬዪቱ ከተማ ውስጥ፣ በወንዝ ዳር፣ የአብርሃም ጉድጓድ የሚባል ሌላ ስፍራ በሥዕልና በሥነ ጽሑፍ ተጊጦ እንግዳ ይቀበላል፤ አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያሻል። እንደ እኔ ፍርድ ግን ጊዜ የሌለው ሰው ይህን ትቶ የጉብታውን ቢያይ ይሻለዋል።

የዛሬዪቱን ቤር ሼቫ የቆረቆሯት ኦቶማኖች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1900 የበደዊን ጎሣዎችን ለመግዛት ቀጥ ያለ ጎዳና ቀይሰው ሠሯት። በ1906 ያቆሙት መስጊድ ዛሬ የእስላምና የምሥራቅ ቅርብ አገሮች ባህል ቤተ መዘክር ነው፤ በ1915 ለመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያደረሱት የባቡር ጣቢያም ታድሶ ይታያል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1917 የእንግሊዙ ጄኔራል አለንቢ ጦር ከተማዪቱን ሲያጠቃ፣ ፈረሶቹ የሚጠጡት ስላልነበራቸው ጕድጓዶቹን ከመምሸቱ በፊት መያዝ ግድ ነበር፤ ስለዚህ 800 ያህል የአውስትራልያ ፈረሰኞች ከ4ኛና ከ12ኛ ሬጅመንት፣ ጎራዴ ስለሌላቸው ሳንጃቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በቱርኮች ምሽግ ላይ ጋለቡ፤ ያዙትም። 31 ሰዎች ሞቱባቸው። በስድስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ አለንቢ በእግሩ ወደ ኢየሩሳሌም ገባ። 1,241 መቃብር ያለው የወታደሮቹ መካነ መቃብር በከተማው መካከል፣ አበባው ሳይጠወልግ ተጠብቆ ይገኛል። ስለ ዝነኛው የሐሙስ የበደዊን ገበያ ብዙ ሰው ይነግርዎታል፤ የቀድሞ ግርማው ስለሌለው ግን ስለ እርሱ ብሎ ሐሙስን መጠበቅ አያስፈልግም።

ቤር ሼቫ ለእኛ ሌላም ነገር አላት። እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ በሱዳን በኩል፣ ዳግመኛም በግንቦት 1991 በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሆነው ከገቡት ቤተ እስራኤል ብዙዎቹ በዚህ ደቡብ፣ በቤር ሼቫ፣ በኦፋቂም፣ በኔቲቮትና በቂርያት ጋት ሰፍረዋል። በገበያው ጥግ ጤፍና በርበሬ የሚሸጥ ሱቅ ይገኛል፤ በመናፈሻው ወንበር ላይ ነጠላ ያጣፉ እናቶች የጎንደርን አነጋገር ሳይለቁ ሲጨዋወቱ ይሰማል። ኅዳር አካባቢ የሚውለው የሲግድ በዓል እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ስለ ጸና፣ በዚያ ሰሞን የሚገኝ እንግዳ ቄሶቹን ጃንጥላቸውን ዘርግተው በአውቶቡስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጡ ሊያጅብ ይችላል።

ከቤር ሼቫ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ በለሃቪም በኩል የሚያልፈው ያው ቁጥር 40 ነው። መጀመሪያ የሚገኘው ስዴ ቦቄር ነው፤ ዳዊት ቤን ጉርዮን እ.ኤ.አ. በ1953 ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ትተው የገቡበት ጎጆ መጻሕፍቱ በየመደርደሪያው እንዳሉ ተጠብቋል፤ እርሳቸውና ባለቤታቸው የተቀበሩትም በአቅራቢያው፣ የጺንን ምድረ በዳ ቍልቍል በሚያሳይ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከገደሉ በታች በዔን አቭዳት ሸለቆ፣ በበረሃው መካከል፣ ምንጭ ይወርዳል፤ የስሜናችን ዋሊያ ዘመድ የሆነው የኑቢያ ዋሊያም በአለቱ ላይ ሲዘል ይታያል።

ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ ያለው አቭዳት ግን ፀሐይ ሳትበረታ ተደርሶ ረጅም ሰዓት ሊሰጠው ይገባል። ናባጣውያን የተባሉት ነጋድያን ከደቡብ ዐረብ ዕጣንና ከርቤ በግመል ጭነው፣ በፔትራ በኩል ወደ ጋዛ ወደብ ሲያወርዱ ያረፉበት ከተማ ነው፤ ከሃሉጻ፣ ከማምሺትና ከሺቭታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 የዕጣን መንገድ ተብሎ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በኋላ ዘመን ሰዎቹ ክርስቲያን ሆነው ሁለት ቤተ ክርስቲያን አነጹበት፤ አንዱ በሰማዕቱ በቅዱስ ቴዎድሮስ ስም ነበር፤ በመስቀል አምሳል የተሠራውም የጥምቀት ገንዳ እስከ ዛሬ ይታያል። በዓመት 100 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ዝናብ በሚጥልበት ስፍራ ያን ገንዳ የሞላው ውሃ ከየት መጣ? የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሚካኤል ኤቨናሪ በ1950ዎቹ ማብቂያ የጥንቶቹን እርከንና ቦይ እንደ ነበረ አድሰው፣ ከ20 እስከ 30 ሄክታር ከሚሆን ኮረብታ የሚወርደውን ጎርፍ በአንድ ሄክታር እርሻ ላይ ሰብስበው ወይንና ፍራፍሬ በማብቀል መልሱን አሳይተዋል፤ እርሻውም ከከተማዋ ግርጌ ይታያል። በኮንሶ እርከን ያደገ ሰው አሠራሩን ከማንም ፈጥኖ ይረዳዋል።

የጉዞው መጨረሻ ሚጽፔ ራሞን ነው። ከከተማዋ በታች የተዘረጋውን 40 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 500 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለውን ታላቅ ጎድጓዳ ብዙ ሰው እሳተ ገሞራ ወይም ከሰማይ የወረደ ድንጋይ የቆፈረው ይመስለዋል፤ የቆፈረው ግን ውሃ ነው። ጠንካራው የላይኛው አለት ሲሸረሸር ከሥሩ ያለው ልል አሸዋ በረጅም ዘመን ታጥቦ ወጥቷል፤ በግድግዳው ላይ የተደራረቡትን ቀለማት ለማየት የማለዳና የማታ ብርሃን ይመረጣል።

ለዚህ ሁሉ ሦስት ቀን ይበቃል፤ አንዱን ለለሃቪም ኮረብቶችና ለራሐት፣ አንዱን ለቤር ሼቫ፣ አንዱን ለደቡቡ መስጠት ነው። ባቡሩም ሆነ አውቶቡሱ ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ምሽት ስለ ሰንበት ይቆማልና፣ ዓርብ ማታ ሚጽፔ ራሞን ላይ መገኘት ማለት እስከ ሰንበት መውጫ እዚያው መሰንበት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ሙቀት ከባድ ነው፤ በክረምት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሩቅ የጣለ ዝናብ በደረቁ ሸለቆ ድንገተኛ ጎርፍ ሊያወርድ ይችላልና፣ ከመውረድ በፊት የጥብቅ ስፍራውን ጠባቂዎች፣ የጸጥታውንም ነገር የአገሩን ሰዎች መጠየቅ ያስፈልጋል። የትንሣኤ ሰሞን ከሙቀቱም ከጎርፉም አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጥ ወቅት ነው።