ስለ ረመዳን ጾም ጥቂት እንወቅ

መቼም በመኝታ ክፍላችን ክርክር የማይነሣበት ምሽት የለም። በቅርቡ የተነሣው ስለ ጾም ነበር። አንዱ ባልደረባችን «ማታ ሥጋ እየተበላ ምን ዓይነት ጾም ነው?» ቢል፣ ሌላው ቀበል አድርጎ «ሽሮ ጠግቦ መዋልስ ምኑ ጾም ሆነና!» አለው። ሁለቱም ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ይሁን እንጂ ነገሩ በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አልመሰለንም። እኛ እጩ መምህራን ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በአብዛኛው ጾመኞች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ባለማወቃችን አንድ ጊዜ አፍረናል፤ እሱን ኋላ እንመለስበታለን።

ጾም በዓረብኛ «ሰውም» ሲባል ከአንድ ነገር ታቅቦ መቆየት ማለት ነው። ከእስልምና አምስት መሠረቶች አንዱ ነው። የረመዳን ጾም ግዴታ የሆነው ነቢዩ ሙሐመድ ወደ መዲና በተሰደዱ በሁለተኛው ዓመት፣ በ624 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ በጃዕፈር የሚመሩት ስደተኞች ገና እዚሁ በሐበሻ ምድር ነበሩ፤ የተመለሱት በ628 ነው። ቁርኣን የጾሙን ዓላማ ሲገልጽ «ተቅዋ» ይለዋል፤ ይህም ፈጣሪን እያሰቡ ራስን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ሆድ ብቻ ሳይሆን ምላስም ይጾማል። ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ሰው ሲያማ የዋለ ሰው ትርፉ ረኃብ ብቻ ነው ይላሉ አዋቂዎቹ።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። ጾመኛው በሌሊት ተነሥቶ ሱሑር ይበላል፤ «ኒያ» ያደርጋል፣ ማለትም ለመጾም በልቡ ይወስናል። ጎሕ ከቀደደበት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ምግብ የለም፣ ውሃም ቢሆን ጠብታ የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ባልና ሚስትም አይገናኙም። የመግሪብ አዛን ሲሰማ በተምርና በውሃ ያፈጥራል። ከዚያ ይሰግዳል፤ ሾርባውና ሳንቡሳው ይከተላል፤ ማታ ደግሞ ተራዊሕ የሚባለው ረዘም ያለ ስግደት አለ። በእኛ አገር በየካቲትና በመጋቢት ጾሙ 13 ሰዓት ያህል ይሆናል። በሰሜን አውሮፓ በበጋቸው ወራት ከ18 ሰዓት በላይ የሚጾሙ አሉ። የእኛ ቀንና ሌሊት ብዙ ስለማይበላለጥ ዕድለኞች ነን ማለት ይቻላል።

ረመዳን በጨረቃ የሚቆጠር ዘጠነኛ ወር ነው። የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ፣ ጾሙ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደፊት ይቀድማል። በ33 ዓመት አካባቢ ክረምቱንም በጋውንም ዞሮ ይጨርሳል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገብተው አብረው ተጾሙ። ያን ሰሞን የምግብ አዳራሻችን በምሳ ሰዓት ጭር ብሎ ነበር። እግረ መንገዳችንን እናንሣውና፣ እራት በ11 ሰዓት ተኩል ሲታደል የሚያፈጥሩት ልጆች ድርሻቸውን በሳህን ከድነው አንድ ሰዓት ሙሉ ይጠብቁ ነበር። የቀዘቀዘ ወጥ! ለሚቀጥለው ረመዳን የእነሱ እራት አንድ ሰዓት ቢዘገይ ምን ይጎዳል?

ጾሙ ሁሉንም አያስገድድም። በሽተኛና መንገደኛ አፍጥረው በሌላ ጊዜ ቀዷ ያወጣሉ፣ ማለትም ያለፋቸውን ቀን ይተካሉ። እርጉዝና የምታጠባ እናትም ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች መተው ትችላለች። መጾም ያቃተው ሽማግሌ ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ድኻ ያበላል። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ደግሞ አትጾምም፤ በኋላ ትተካለች። ለመምህር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አንዲት ተማሪ በረመዳን ውሃ ስትጠጣ አይተን «አንቺ አትጾሚም እንዴ?» ብለን በሰው ፊት ብንጠይቃት ምን ያህል እንደምናሳቅቃት አስቡት። ረስቶ የበላ ሰው ጾሙ አይፈርስም፤ ባስታወሰ ጊዜ ትቶ ይቀጥላል። ልጆች እስኪጎረምሱ ድረስ ግዴታ የለባቸውም፤ ግን ወላጆቻቸውን እያዩ ግማሽ ቀንም ቢሆን ይሞክራሉ፤ «እኔ ሙሉ ቀን ጾምኩ» እያሉ ይፎካከራሉ።

እኛን ያሳፈረንም ይኸው ነው። በማስተማር ልምምድ ላይ ሦስት ሆነን አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ሦስታችንም በክርስቲያን ቤት ያደግን ነን። ለሦስተኛ ክፍል ስለ ስሜት ሕዋሳት ለማስተማር ሎሚ፣ ጨውና ስኳር አዘጋጅተን ልጆቹን አሰለፍን። ግማሾቹ አፋቸውን ገጥመው እምቢ አሉ። እንቢተኝነት መሰለንና ተቆጣን። አንድ ትንሽ ልጅ ፈርቶ ስኳሩን ቀመሰ፤ ወዲያው ፊቱን በደብተሩ ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ። ያን ቀን አሥራ ሁለተኛ ጾሙ ኖሯል፤ እየቆጠረ ነው።

በማግሥቱ አያቱ መጡ። ይሰድቡናል ብለን ስንጠብቅ «አብሽሩ ልጆቼ፣ እሱ ገና ልጅ ነው፤ ግዴታም የለበት። ደግሞ ተገዶ ነው እንጂ ወዶ አልቀመሰ» አሉን። ቀጠሉናም፣ ምግብ የምታበስል ሴት ጨው መጠኑን ለማወቅ በምላሷ ጫፍ ቀምሳ ብትተፋው ጾሟ እንደማይፈርስ አስረዱን። ለልጁም እንዲሁ ነገሩት፤ እሱ ግን አልተጽናናም። እኛ ራሳችን ክፍል ውስጥ በጓደኞቹ ፊት «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ጾምህ አልፈረሰም» ስንለው ነው ቀና ያለው።

ትምህርቱን ከዒድ በኋላ ደገምነው። ሎሚውን ማን ይቅመስ ስንል ቀድሞ የወጣው እሱ ነበር። ፊቱን አጨማዶ «ይሄማ መራራ ነው!» አለ። መምጠጥና መምረር እንደሚለያዩ ለማስረዳት ሌላ አንድ ክፍለ ጊዜ ወሰደብን።