ጢስ ዓባይን ዞረው ሲመለሱ

መንገድዎ ወደ ባሕር ዳር ከሆነ ጢስ ዓባይን በመኪና ደርሰው፣ ፎቶ ተነስተው ብቻ አይመለሱ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከጢስ ዓባይ ከተማ ተነስቶ፣ ፏፏቴውን አሳይቶ፣ በሌላ በኩል ዞሮ እዚያው የሚመልስ የእግር መንገድ አለ። እያረፉና እየተመለከቱ ቢሄዱት ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ስፖርት የማይሠራ፣ ነገር ግን ጤነኛ የሆነ ጎልማሳ ይወጣዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህ አንድ ጉዞ ከዚያ አብዛኛውን ይሸፍናል ማለት ነው። «መካከለኛ» የሚለውን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። እየተራመዱ ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልኩ ላይ ነዎት። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ካጠረዎት እርምጃዎን ይቀንሱ።

መንገዱ መጀመሪያ ቁልቁል ወርዶ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ያሻግራል። ቀጥሎ ዳገት አለ። ዳገቱን ሲጨርሱ ፏፏቴው ከፊት ለፊት ይታያል። ከዚያ በተንጠልጣይ ድልድይ ተሻግረው ወደ ፏፏቴው ይጠጋሉ፤ በመጨረሻም ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ አቋርጠው ወደ ከተማዋ ይመለሳሉ። ወንዙ ሲሞላ ጀልባው ላይሠራ ስለሚችል፣ በመጡበት ለመመለስ የሚበቃ ጉልበትና የሚጠጣ ውኃ ያስቀሩ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ዳገቱን በጥንቃቄ ወጥቼ ቁልቁለቱን ከወጣቶች ጋር እየተሽቀዳደምኩ ወረድኩት። በማግስቱ የሆቴሉን ደረጃ የወረድኩት መደገፊያውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ወደ ጎን እየተራመድኩ ነው፤ ያየኝ ሁሉ ሳቀብኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቁልቁል ሲወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት መግታት አለበት። ይህ ላልለመደ ጡንቻ ከባድ ሥራ ሲሆን፣ ሕመሙ የሚብሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጉልበትም ከዳገት ይልቅ በቁልቁለት ይጎዳል። ስለዚህ ሲወርዱ እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ ጉልበትዎን በትንሹ አጠፍ ያድርጉ፣ ዱላ ይያዙ። ፏፏቴው አጠገብ ያለው ድንጋይ በርጩው ስለሚረጥብ ያንሸራትታል፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ አድርገው አይቅረቡ።

ትልቁ አደጋ ግን ድካሙ አይደለም፤ ውኃው ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ጫማ አውልቆ እግርን መንከር ያምራል። ጣና ሐይቅና ዳርቻው ቢልሃርዚያ ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ዓባይም የሚወጣው ከዚያው ነው። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ተውሳክ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውኃው ውስጥ ይዋኛል፤ የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም። ውኃውን ባይጠጡትም መንከሩ ብቻ ይበቃዋል። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ጉበትን ይጎዳል። ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት አለው፤ ችግሩ ብዙ ሰው መያዙን አለማወቁ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የወንዙ ውኃ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው በበጋ በጣም ይቀጥናል። አምሮ የሚታየው ከክረምቱ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። ያ ወቅት ደግሞ የወባ ወቅት ነው፤ አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በታች በመሆኑ ወባ ያገኘዋል። ጉዞውን በጠዋት ጀምረው ከምሽት በፊት ይጨርሱት። ካደሩ አጎበር ውስጥ ይተኙ።

የልብ ሕመም ወይም በመድኃኒት ያልተስተካከለ የደም ግፊት ካለብዎት አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። ኢንሱሊን የሚወጉ የስኳር ሕመምተኞች ረጅም ጉዞ ስኳራቸውን ሊያወርደው ስለሚችል፣ ከረሜላ ኪሳቸው ውስጥ እንጂ መኪና ውስጥ አይተዉት። ማታ ካልሲ ሲያወልቁ የእግርን መዳፍና የጣቶችን መሃል ይመልከቱ፤ የስኳር ሕመም የእግርን ስሜት ካደነዘዘ የጫማ ቁስል አይታወቅም።

ከተመለሱ ከሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ትኩሳት ቢይዝዎት «ጉንፋን ነው» ብለው አይተኙ። ጤና ተቋም ሄደው ይመርመሩ። ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም ጢስ ዓባይ እንደነበሩ፣ ውኃው ውስጥ ገብተው ከነበረም ያንኑ ይንገሩት።