የጀልባ ሞተርና ኤታኖል ያለበት ቤንዚን

ኤታኖል ከሞላሰስ የሚወጣ አልኮል ነው። ሞላሰስ የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነው። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ ከ100 እጅ 5 እጅ ኤታኖል መቀላቀል ተጀመረ። ኤታኖሉም የመጣው ከፊንጫ ነው። በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 እጅ ከፍ አለ።

መኪና ቤንዚኑን ቶሎ ይጨርሳል። ጀልባ ግን ውሃ ላይ ይውላል፤ ውሃ ላይ ያድራል። ኤታኖል ደግሞ ውሃ ይወዳል። ከአየር እርጥበት ይስባል። ውሃው ሲበዛ ኤታኖሉ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል። ሞተሩ የሚስበው ከታች ነው። ስለዚህ መሀል ሐይቅ ላይ ቀጥ ይላል። ጣና ላይ ነፋስ ተነስቶ ሞተር ቢቆምስ? ጀልባውን ማዕበል ይወስደዋል። ሰው ሊያልቅ ይችላል።

ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ በሚሠራ ሞተር ጉዳቱ ይብሳል። ዘይቱ ከላይ ካለው ቤንዚን ጋር ይቀራል። ሞተሩ ያለ ዘይት ይሠራና ይቃጠላል።

ቤንዚኑን እንዴት እንወቅ? ከእሳት እንራቅ። በጠርሙስ ጥቂት ውሃ እናድርግና ልኩን እናስምር። ቤንዚን ጨምረን፣ ከድነን እንነቅንቅ። እናስቀምጠው። ከታች ያለው ውሃ ከመስመሩ በላይ ከወጣ ኤታኖል አለበት።

ምን እናድርግ?

1. ቤንዚን ለብዙ ጊዜ አናስቀምጥ።
2. ጀሪካኑን አጥብቀን እንክደን።
3. ውሃ የሚለይ ፊልትሮ እናስገጥም።
4. ያረጀ የጎማ ቱቦ እንለውጥ። ኤታኖል ያበላሸዋል።
5. ከመነሳታችን በፊት ከሳልባትዮው ታች ቀድተን እንይ። ለሁለት ከተከፈለ አንነሳ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መቅዘፊያም አንርሳ።

ጥያቄ፦ ከቤንዚኑ የተለየው ኤታኖልና ውሃ የት ይቀመጣል?