ተርቦ በሱሉልታ ከፍታ፦ የሁለት ላንድክሩዘሮች ንጽጽር



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በእንጦጦ በኩል ወደ ሱሉልታ የተሻገረ ሰው፣ አትሌቶቻችን ልምምዳቸውን ለምን እዚያ እንደሚያደርጉ ሳንባው ይነግረዋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር ትበልጣለች። የአየሩ ግፊት 0.73 ባር ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ ጎድሏል። «ተርቦ ያለው መኪና ከፍታ አያውቅም» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ይህ አባባል ለየትኛው ተርቦ እንደሚሠራ መመርመር ይገባል።

ለንጽጽር ሁለት የቶዮታ ላንድክሩዘሮችን መርጫለሁ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ባለ ተርቦ 80 ሲሪስ ነው፤ 1ኤችዲ-ቲ የተባለው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ 165 የፈረስ ጉልበት ግድም አለው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 300 ሲሪስ ሲሆን፣ ባለ 3.3 ሊትር የናፍጣ ሞተሩ በሁለት ተርቦ ከ300 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣል። የጉልበቱ ልዩነት ለጉዳያችን ሁለተኛ ነገር ነው፤ ዋናው ግፊትን በምን እንደሚለኩ ነው።

የአሮጌውን ተርቦ የሚገታው ሞላና ዲያፍራም ነው። ተርቦው የጨመቀው አየር ዲያፍራሙን በአንድ ወገን ይገፋዋል፤ በሌላው ወገን የውጭው አየር ይጫነዋል። ስለዚህ መሣሪያው የሚያውቀው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው። ለስሌት እንዲያመቸን ልዩነቱ 0.6 ባር ሲደርስ የትርፉ ጭስ በር ይከፈታል እንበል። ሙቀቱን ለጊዜው ትተን፣ ሞተሩ በባሕር ወለል 1.6 ባር ያገኛል፤ በሱሉልታ 1.33 ባር፣ ማለትም 83 በመቶውን። ተርቦ የሌለው ሞተር 73 በመቶ ብቻ ስለሚያገኝ ተርቦው ጠቅሟል፤ ጉድለቱን ግን አልሞላም።

የከፋው በፖምፓው ላይ ነው። የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ዲያፍራምም የሚያየው ያንኑ 0.6 ባር ስለሆነ፣ ለባሕር ወለል የሚሰጠውን ያህል ናፍጣ ይሰጣል። አየሩ ግን በ17 በመቶ አንሷል፤ የሚያቃጥለው አየር ያጣው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። አንድ ወዳጄ በዚሁ ጭስ የተነሣ መጀመሪያ ኖዝሎቹን አስለወጠ፤ ቀጥሎም ሞተሩን አስወረደ። ጭሱ አልቀረም። ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ጭሱ ከታች ሳስቶ ከላይ እንደሚወፍር ያስተዋለው ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ነበር። ሞተሩ ጤነኛ ነበር።

የአዲሱ ሞተር ኮምፒውተር በበኩሉ የውጭውን ግፊት ለብቻው፣ የገባውን አየር ለብቻው ይለካል፤ ናፍጣውንም ለአየሩ ይመጥናል። ይህ ማለት ከፍታ አይነካውም ማለት አይደለም። በምሳሌያችን የያዝነውን 1.6 ባር በሱሉልታ ለማግኘት አየሩን 1.6 እጥፍ ሳይሆን 2.2 እጥፍ ያህል መጭመቅ ያስፈልጋል፤ ተርቦው በፍጥነት ይሽከረከራል፣ አየሩም ይግላል። ወሰኑ ላይ ሲደረስ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ራሱ ይቀንሳል። ባለቤቱ ግን ላያውቅ ይችላል፤ የሚመሰክርበት ጭስ የለምና።

ለአሮጌው የሚሆነው መፍትሔ ርካሽ ነው፤ ፖምፓ የሚያውቅ ባለሙያ የናፍጣውን መጠን ለከፍታው ዝቅ ያደርግለታል። ጉልበቱ ጥቂት ይወርዳል፣ ጭሱም ይጠራል። ዘወትር ወደ አዋሽ ለሚመላለስ መኪና ግን ይኸው ማስተካከያ ቆላው ላይ ሊያገኝ የሚችለውን ጉልበት ይነፍገዋል።