ሞተሩ ነከሰ፤ ይሠራ ወይስ ይቀየር?

ከወረታ ተነሥቶ ወልድያ የሚገባው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለሞተር አይራራም። ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘ ብድር የታሰበ፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ነው፤ «የቻይና መንገድ» የሚለው ስሙም አብሮት ቀርቷል። ፎገራ ሜዳ ላይ ሲጀምር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ጥግ ይዞ የጋይንቷ ነፋስ መውጫ ሲደርስ 3,100 ሜትር ግድም ሆኗል። የፎገራ ሩዝ በዚህ ዳገት ወደ ምሥራቅ ይወጣል፤ የጋይንት ድንች ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳና ወደ ታች ጋይንት የሚገባው ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያና ቆርቆሮ ሁሉ የሚመጣው በጭነት መኪና ነው።

አንድ አይሱዙ ኤንፒአር ከልኩ በላይ ድንች ጭኖ ጨጨሆ ላይ ቆመ እንበል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ከነካ ቆይቷል፤ ሹፌሩ ግን «ዳገቱን ልጨርስና» ብሎ ገፋ። ሞተሩ ኃይል አጣ፣ አንኳኳ፣ ነከሰ። ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወተፈ። በማግስቱ መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ሲገባ ባለንብረቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይሠራ ወይስ ይቀየር?

መልስ የሚሰጠው አይጠፋም። አንዱ «የዱባይ ሞተር ግዛና ተገላገል» ይላል። ሌላው «የራስህን ሞተር አትልቀቅ፤ ቢያንስ ታውቀዋለህ» ይላል። ሁለቱም ሞተሩ ሲከፈት አላዩም። ደህና መካኒክ በዚህ ሰዓት የሚለው አጭር ነው፦ «ጋሼ፣ ሳልፈታው ምን ልበልዎት?» እኔ ከሁሉም የማምነው ይህን መልስ ነው።

ሞተር መሥራት ማለት ሞተሩን ከሻንሲው አውርዶ እስከ መጨረሻው ቡሎን መፍታት ነው። የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ይነሣል፤ ፒስተኖቹ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ከሚያገናኛቸው ዘንግ፣ ከነቢየላቸው፣ ይወጣሉ፤ ክራንክ ሻፍቱ ከዋናው የሞተር አካል፣ ከሞኖብሎኩ፣ ይለያል። የፒስተኑ ቀለበት (ፋሻ)፣ ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርበት ትራስ (ብሮንዚን) እና የቴስታታው ማሸጊያ (ጓርኒሲዮን) በአዲስ ይተካሉ፤ ብዙ ጊዜም ፒስተኑና ፒስተኑ የሚመላለስበት ተለዋጭ ቱቦ፣ ላይነሩ፣ አብረው ይለወጣሉ። ክራንክ ሻፍቱ የሞተር ክፍሎች ወደሚላጉበት ሬቲፊካ ቤት ሄዶ ይላጋል፤ ቴስታታው ይስተካከላል፤ ቫልቮቹ ይገጠማሉ። መቀየር ግን ሞተሩን በሙሉ አውጥቶ ሌላ ማስገባት ነው። ያ ሌላው ሞተር አዲስ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር አሮጌ መኪና ላይ ተነቅሎ በዱባይ በኩል የመጣ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ላይ ዘይት ተቀብቶ የተደረደረ ነው።

ኤን ትሬ የሚባለው ፊያት 682 የአገሩን ጭነት ይሸከም በነበረበት ዘመን ሞተር መሥራት የጋራዥ ሁሉ ዋና ሥራ ነበር። ዛሬም መካኒኩ የሚጠራቸው የሞተር ክፍሎች ስም ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ዛሬ የጋይንትን መንገድ የያዙት ግን አይሱዙና ሲኖትራክ ናቸው። ኤንፒአር 71 የሚባለው 4.57 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር ሞተር አለው። ትልቁ ኤፍኤስአር 33 ደግሞ 8.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ነው። የሲኖትራኩ 9.7 ሊትር ሞተር ዘሩ ከኦስትሪያው ሽታየር ይመዘዛል።

ሞተሩ ለምን ሞተ የሚለው ጥያቄ ይሠራ ወይስ ይቀየር ከሚለው መቅደም አለበት። ከፍታው እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። በነፋስ መውጫ ከፍታ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ግድም ነው፤ ይህ ደግሞ የናፍጣ ሞተር በደህና ቀኑ የሚሠራበት ሙቀት ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት ስለሚይዝ የመፍያውን ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። የክዳኑ ላስቲክ ሲያረጅ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውኃው ዳገቱ መካከል ይፈላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም የማይባል ዕቃ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል።

አየሩም ከጅቡቲ ጠረፍ አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ተርቦው የጎደለውን ለመሙላት ይሞክራል። መኪናው ኃይል አጣ ብሎ የናፍጣ ፖምፓውን የሚያስከፍት ባለንብረት ግን አየር ሳይጨምር ናፍጣ ብቻ ይጨምራል። ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው፤ ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፤ የጭሱ ሙቀት ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ሌላም ልማድ አለ፤ «ሞተሩ እንዳይፈላ» ተብሎ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ይጣላል። በቆላ ቢሆን እንኳ ነገሩ አጠያያቂ ነው፤ ጥዋት ጥዋት ውርጭ በሚጥልበት ጋይንት ግን ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲሠራ መፍረድ ነው። ሞተር ከሚያልቅበት ምክንያት አንዱ ቀዝቅዞ መሥራቱ ነው።

ወደ ቆመው መኪና እንመለስ። ሞተሩ ሳይፈታም የሚናገረው አለ። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው አለዚያም ብሎኩ ተሰንጥቋል። ዘይት ማጣሪያው ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከተገኘ ብሮንዚኑ ተበልቷል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል። የሞኖብሎኩ ጎን ተቦርቡሮ ቢየላ ወጥቶ ከታየ ደግሞ ምክር መሰብሰብ አያስፈልግም፤ የዚያ ብሎክ ነገር አልቋል።

ብሎኩ በዓይን ደህና ከሆነ ወደ ልኬት ይገባል። የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ያጠና ተማሪ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ መምህር እንደማይባል፣ ብሎክና ክራንክ ሻፍትም በመለኪያ ሳይመሰከርላቸው «ደህና ናቸው» አይባሉም። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካል፤ ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ከሆነ ፋሻው አይገጥምም። የብሎኩ ውኃ መንገድ ተደፍኖ በግፊት ይፈተሻል፤ ስንጥቅ ካለ ያን ጊዜ ያነባል። የቴስታታው ፊት ቀጥ ባለ ብረት ይታያል። ክራንክ ሻፍቱ በማይክሮሜትር ይለካል።

ክራንክ ሻፍቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። የተቧጨረ ክራንክ ሻፍት በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75፣ ቢበዛ በ1 ሚሊ ሜትር ተልጎ ለዚያው ልክ የተሠራ ወፍራም ብሮንዚን ይገባለታል። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህ የታወቀ መንገድ ነው። በአንዳንድ የአይሱዙ ሞተሮች ግን የክራንክ ሻፍቱ ላይኛ ቆዳ በናይትሮጅን የጠነከረ ነው፤ ቆዳው በጣም ስስ ስለሆነ የፋብሪካው መመሪያ እንዳይላግ ያዝዛል። ሲላግ ጠንካራው ይሄድና ለስላሳው ብረት ይቀራል። ሞተሩ ይነሣል፣ ድምፁ ያምራል፣ ባለንብረቱ መካኒኩን ይመርቃል፤ ከዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ማንኳኳት ይመለሳል። ስለዚህ ባለሬቲፊካው የመላጊያ ድንጋዩን ከማስነካቱ በፊት የሞተሩን ዓይነት መጠየቅ አለበት፤ የማይጠይቅ ከሆነ ክራንክ ሻፍቱን ተቀብሎ መመለስ ይሻላል።

ለጋይንት ጋራዥ ሬቲፊካ ቤት ማለት ብዙ ጊዜ ባሕር ዳር፣ 175 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ አለዚያ አዲስ አበባ። ብሎኩ ይጫናል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ አንድ ልክ ሲሳሳት ተመልሶ ይጫናል። መንገድ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ ያለበት ይቀራል። ነገሩ ያስቆጫል። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎች ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ ሴባስቶፖልን አቅልጠው ሠርተዋል፤ ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ይህንኑ የምሥራቅ ደጋ ተሻግሮ መቅደላ ገብቷል፤ ዛሬም እዚያው ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ስሙን ከጋፋት ወስዷል። ስሙን የወሰደ ተቋም ለአገሩ መካኒኮች አንድ ደህና የክራንክ ሻፍት መላጊያና የብሎክ መፈተሻ ቢያቆምላቸው ለባለመኪናው ከብዙ ሥልጠና የሚበልጥ ውለታ ነበር።

መቀየሩስ? ትልቁ ጥቅሙ ጊዜ ነው። የተዘጋጀ ሞተር ከተገኘ መኪናው በቀናት ውስጥ ሥራ ይጀምራል፤ የባንክ ብድር ላለበት ወይም መከር ላይ ለቆመበት ባለንብረት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱ ደግሞ የሞተሩ ታሪክ አለመታወቁ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ሮጠ? ፈልቶ ያውቃል? የተነቀለው መኪናው ተጋጭቶ ነው ወይስ ሞተሩ ታምሞ? ሻጩም አያውቅም። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ሞተሩ ሲነሣ መስማት፣ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ማስለካት፣ ሻጩ ከፈቀደም የዘይት ገንዳውን አስወርዶ አንድ ሁለት ብሮንዚን ማየት አለበት። «ካልሠራ ትመልሰዋለህ» የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ ሰው ዋስትና ሊሆን ይችላል፤ ነፋስ መውጫ ላለ ሰው ግን የመመለሻው ጭነት ብቻውን ዋስትናውን ይበላዋል።

«ከቀየርኩ አይቀር ጠንከር ያለ ላስገባ» የሚለው ፈተና ብዙ ሰው ጥሏል። አሮጌው ኤንፒአር ናፍጣውን በሜካኒካል ፖምፓ የሚረጭ ነው። አዲሱ 5.2 ሊትር ሞተር ግን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው፤ ከነገመዱ፣ ከነሴንሰሩ፣ ከነኮምፒውተሩ ካልመጣ አይነሣም፤ ቢነሣም ስማዳ ላይ ሲቆም የሚያነብለት መሣሪያ ማን ይዞ ይመጣል? ሞተር ከተቀየረ ያው ዓይነት በያው ዓይነት ይቀየር።

ወረቀቱም አይዘንጋ። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተሩ ተቀይሮ ቁጥሩ ካልተስተካከለ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ቦሎ ይከለከላል፤ ሽያጭ ላይም ገዢ ይሸሻል፤ ቁጥሩ የተፋቀ ሞተርማ የስርቆት ጥርጣሬ ያመጣል። ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሌለው ሞተር ርካሽ ቢሆንም አይገዛ።

ዋጋ በብር አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ አንባቢ እጅ እስኪገባ ይለወጣል። የሒሳቡ አካሄድ ግን ግልጽ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የመጣ ሙሉ ሞተር ዋጋው ከሞላ ጎደል ሁሉም ዶላር ነው። የሚሠራ ሞተር ግን መለዋወጫው በዶላር ቢመጣም የመካኒኩና የሬቲፊካው እጅ የሚከፈለው በብር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ ተሽከርካሪ ላይ እንደ ዕድሜው እየከበደ የሚሄድ ታክስ ስለጣለ፣ «ይህን ሸጬ ሌላ አሮጌ ላስመጣ» የሚለው መንገድም ጠቧል። አሮጌውን ይዞ መኖር ግድ ሲሆን ጥሩ ሬቲፊካ ቤት ዋጋው ይጨምራል።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ የመጀመሪያውን ሞተር የገደለው ነገር ሳይነካ ከቀረ ሁለተኛውንም ይገድለዋል። የዛገ ራዲያተር፣ የደከመ የውኃ ፖምፓ፣ የሚያፈስ ኢንጄክተር፣ የተደፈነ የዘይት ማቀዝቀዣ ከአሮጌው ሞተር ወደ አዲሱ ተነቅለው ሲገጠሙ ማየት የተለመደ ነው። የወንዝ ውኃ ራዲያተር ውስጥ መጨመርም ይቁም፤ የሚጋግረው ደለል ውኃ መንገዱን ይዘጋል። የተሠራ ሞተር ደግሞ መጀመሪያ በቀላል ጭነት መለማመድ አለበት፤ ዘይቱም ቶሎ መለወጥ አለበት። ከጋራዥ በወጣ በዚያው ቀን ሙሉ ድንች ተጭኖበት ጉናን እንዲወጣ የተላከ ሞተር ሲነክስ መካኒኩን መክሰስ ተገቢ አይደለም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ብሎኩና ክራንክ ሻፍቱ በልኬት ካለፉ የራስን ሞተር ማሠራት ይሻላል። ከሁለቱ አንዱ ከወደቀ፣ ወይም መኪናው መቆም የማይችል ከሆነ፣ ያው ዓይነት ሞተር ከነወረቀቱ ይገዛ። ባለንብረት ግን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የሲሊንደሩና የክራንክ ሻፍቱ ልክ በወረቀት ተጽፎ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ለክቶ መስጠት የማይችል ጋራዥ ሞተሩን እንዲሠራም እንዲቀይርም አይታዘዝ።