የፌዝ ዶክተር በአምባሰል ቅኝት ቢዘፈን

ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሳቸው የሞሊየር ተውኔቶች አንዱ «የፌዝ ዶክተር» ነው። ፈረንሳዮች ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1666 ለመድረክ የበቃውን ኮሜዲ ኦፔራ አድርገውታል፤ ሙዚቃውን ሻርል ጉኖ ደረሰው፣ ጽሑፉን ዡል ባርቢዬና ሚሼል ካሬ አዘጋጁት። መጀመሪያ የታየው ፓሪስ ውስጥ ጃንዋሪ 15 ቀን 1858 ነበር፤ ዕለቱ ሞሊየር በ1622 ክርስትና የተነሳበት ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ የአማርኛው የፌዝ ዶክተርም ሊዘፈን ይገባዋል፤ ለዚህም በግሸን ማርያም አምባ ዙሪያ ባለው አገር ስም የሚጠራው ቅኝት፣ አምባሰል፣ ይበቃዋል።

ታሪኩ ቀላል ነው። ስጋናሬል የሚባል ሰካራም እንጨት ቆራጭ ሚስቱን ይመታል። እሷም ቂሟን ለመወጣት፣ ሐኪም ፍለጋ ለወጡ ሁለት አሽከሮች «ባሌ ታላቅ ሐኪም ነው፤ ካልተደበደበ ግን አያምንም» ትላቸዋለች። ደብድበው ያሳምኑትና ድዳ ሆናለች ወደተባለች የባለጠጋ ልጅ ይወስዱታል። ልጅቷ ግን ዝም ያለችው አባቷ የምትወደውን ስለከለከላት ነው። ስጋናሬል ላቲን የሚመስል ቃል እየደረደረ፣ ልብ በቀኝ ጉበት በግራ ነው እያለ ሲመረምራት ቤተሰቡ በአድናቆት ያዳምጠዋል። ጉኖ ይህን ምርመራ ስድስት ሰዎች አብረው የሚዘፍኑት አድርጎታል። በንግግር ቢሆን ስድስቱም ተራ መጠበቅ ነበረባቸው፤ በዜማ ግን ማታለሉ፣ መታለሉና ምስጢር መደበቁ በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። ሙዚቃ ለኮሜዲ የሚጨምረው ይህን ነው።

«ዘፈኑ ቃሉን ይውጠዋል» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ የሞሊየር ሳቅ ያለው ቃሉ ውስጥ ነውና። ጉኖ ግን ንግግሩን በንግግርነቱ ትቶ የዘፈነው ዜማ የሚሻውን ቦታ ብቻ ነው። ስጋናሬል ለጠርሙሱ የሚዘፍነው የመጠጥ ዘፈን ሞሊየር ራሱ ተውኔቱ ውስጥ ያስገባው ነው። እንዲያውም ሞሊየር ከሙዚቃ ደራሲው ሉሊ ጋር ዘፈንና ጭፈራ ያለባቸውን ኮሜዲዎች ሠርቷል፤ በ1670 የቀረበው «ጨዋ ለመሆን የሚጥር ባለጠጋ» አንዱ ነው። ስለዚህ ሙዚቃ ለዚህ ደራሲ ባዕድ አይደለም።

«ኦፔራ የእኛ አይደለም» የሚለውም መልስ አለው። ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ሰውን እያወደሰና እየሸነቆጠ በዜማ ሲያስቅ ኖሯል፤ ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ሲሰጠው ወዲያው ተቀብሎ ያዜመዋል። ዜማን፣ ቃልንና ሳቅን ማጣመር ያደግንበት ነው። የሚጎድለው ይህን ችሎታ በረጅም ታሪክና በብዙ ገጸ ባሕርያት ላይ ማዋል ነው።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ከራሱ ከአምባሰል ወዳጆች ይመጣል፦ «ቅኝቱ የቁም ነገርና የትካዜ ነው፤ ለፌዝ አይሆንም»። በእርግጥም ከአምስቱ ድምፆች የመጀመሪያውና ሁለተኛው በግማሽ ቃና ብቻ ስለሚራራቁ ዜማው ገና ሲነሳ ክብደት አለው። ነገር ግን ለዚህ ተውኔት የሚያስፈልገው ያ ክብደት ነው። ሐሰተኛ ሐኪም የሚታመነው የዐዋቂ ግርማ ስለተላበሰ ነው፤ ቀልደኛ ዜማ ቢሰጠው ገና ሳይናገር ይነቃበታል። ጨዋ ዜማ ላይ ባዶ ቃል ሲቀመጥ ግን ተመልካቹ ግርማና እውቀት አንድ አለመሆናቸውን በጆሮው ይለያል። በዚህ የሚዋረደው አስመሳዩ እንጂ ቅኝቱ አይደለም።

ለመጀመር ትልቅ ኦርኬስትራ አያስፈልግም። የምርመራውን ትዕይንት ብቻ ወስዶ በማሲንቆ፣ በክራርና በስድስት ድምፅ ደሴ ላይ መሞከር ይቻላል። ፀጋዬ ቃሉን ሰጥቶናል፣ አምባሰል ዜማውን፤ ሁለቱን የማገናኘቱ ሥራ የዛሬ ባለሙያዎች ነው።