ጤፍና ስንዴ ያልገባበት የጥቅምት ቁርስ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ደጋዎች ዱባና ድንች በብዛት የሚደርሱት ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ጤፉና ስንዴው ገና ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ የጓሮው ዱባ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይበስላል፤ ድንቹም ይቆፈራል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ተቀቅለው ወይም ወጥ ሆነው ይበላሉ። ከሽምብራ ዱቄት ጋር ሲለወሱ ግን ቂጣና ዳቦ ይወጣቸዋል። ስንዴ ለማይስማማው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

«ያለ እህል» የሚለው አነጋገር በአማርኛ ግር ያሰኛል፤ እህል ሲባል ሽምብራውም ባቄላውም ይገባበታልና። እዚህ የሚቀሩት የብርዕና የአገዳ ሰብሎች ናቸው፦ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎና የመሳሰሉት። ሁሉንም መተው ግን ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ሴሊያክ የተባለውን የአንጀት ሕመም የሚቀሰቅሰው ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ጤፍ ግሉተን የለውም። የስኳር ሕመምተኛም ስንዴ ስለቀረ ብቻ እንደልቡ መብላት የለበትም፤ ድንችም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋልና።

የስንዴ ሊጥ የሚለጠጠውና አየር አምቆ ኩፍ የሚለው በግሉተን ምክንያት ነው። እሱ ሲጎድል ሊጡ ይፈረካከሳል፤ ስለዚህ ሌላ ያዥ ይፈልጋል። በፍስክ እንቁላል ይበቃል፤ በጾም ተልባ ይተካዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ሲቆይ ይዝለገለግና የአንድ እንቁላል ያህል ያገለግላል። የዱባው ወራት ከጽጌ ጾም ጋር ስለሚገጥም በጎጃም ቤቶች ይበልጥ የሚጠቅመው ተልባው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በውሃው ነው። ዱባ ከመቶ ዘጠና እጁ ውሃ ስለሆነ ተቀቅሎ የተፈጨ እንደሆነ ሊጡ ቀጥኖ አልጋገር ይላል። ከነልጣጩ ተሰንጥቆ ፍም ላይ ቢጠበስ ወይም በእንፋሎት ቢበስል ይሻላል። ከዚያ ሥጋው ይፋቅና በንጹሕ ጨርቅ ይጨመቃል። ለአንድ ኩባያ የተጨመቀ ዱባ አንድ ኩባያ የሽምብራ ዱቄት፣ ሁለት እንቁላል ወይም የሁለት እንቁላል ያህል ተልባ፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ ይበቃዋል።

ሽምብራው ከመፈጨቱ በፊት ለዘብ ባለ እሳት ቢቆላ የጥሬነት ጠረኑ ይጠፋል። ሴሊያክ ያለበት ሰው ወፍጮ ቤቱንም ማሰብ አለበት፤ ከሽምብራው በፊት ስንዴ ተፈጭቶ ከነበረ ከድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት ይቀላቀላል። ከሁሉም በላይ ግን ሽምብራን በጓያ መተካት አይገባም። ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ከተበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ገበያ ላይ ያለ የተፈጨ ዱቄት ምን እንደተቀላቀለበት በዓይን ስለማይለይ ሽምብራውን በፍሬው ገዝቶ፣ ለቅሞ ማስፈጨት ይሻላል።

እንዲህ ያለው ልል ሊጥ ቅርጹን የሚይዝለት የኮባ ቅጠል ነው። ኮባ የሚባለው እንሰት ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ግሽ ዓባይ የተጓዘው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ተክሉ በዓባይ ማዶ ላሉ ሰዎች ዋና ምግብ እንደነበረ ጽፏል። ዛሬ በጎጃም በይበልጥ የሚፈለገው ለዳቦ መጠቅለያነት ነው። ቅጠሉ ታጥቦ፣ ወፍራሙ አከርካሪ ተልጦለት፣ እሳት ላይ ለብለብ ይደረጋል፤ ያኔ ይለሰልስና ሲታጠፍ አይቀደድም። ምጣዱ ላይ ይነጠፍና ሊጡ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት እንዲኖረው ተደርጎ ይፈስበታል። ላዩም በሌላ ቅጠል ይሸፈንና አክንባሎው ይደፋበታል። እሳቱ የረጋ መሆን አለበት። የታችኛው ቅጠል ጠቁሮ መሽተት ሲጀምር ዳቦው ይገለበጣል። ቅጠሉ ሲላጥ የደም ሥሩ መስመር በቢጫው ዳቦ ላይ ታትሞ ይቀራል።

ኩፍ ማድረጊያ የሚፈልግ ሰው ቤኪንግ ፓውደር ከመጨመሩ በፊት ማሸጊያውን ያንብብ፤ ብዙው የበቆሎ ስታርች አለበት። ሶዳና ሎሚ ይተኩታል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ስስ ነው፤ ጋዙ በቶሎ ያብጣል፣ ዳቦውም ተነሥቶ ይወድቃል። ስለዚህ መጠኑ ይቀነሳል። ውሃም እዚያ በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ስለሚፈላ ድንች ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

የድንቹ ቂጣ ከዱባው ይቀላል። ድንቹ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ተልጦ ይፈጫል፤ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ተልባ ገብቶበት በስሱ ዘይት በተቀባ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነ ድንች ግን መርዝ ስላለው ይጣላል።

ይህ ዳቦ እንደ ስንዴው አይከርምም፤ በማግስቱ ይደርቃል። ያደረውም ተፈርፍሮ በበርበሬና በቅቤ፣ በጾም ደግሞ በኑግ ዘይት ይታሻል። የተቆላ የዱባ ፍሬ ተወቅጦ ሲነሰነስበት ለቁርስ ይቀርባል።